ማማው የት ይተከል? የሚሺጋን ግዛት የአደጋ ጊዜ ሬድዮና የገጠር ምክር ቤቶች ድርሻ

ባለፈው በልግ ይህ ጸሐፊ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ለመዘገብ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄዶ ነበር። ስብሰባው ተበትኖ ሰው ወደየቤቱ ሲያመራ አንድ በዕድሜ የገፉ የማኅበር ሊቀመንበር ጸሐፊውን ለብቻው ጠርተው ወደ ኮረብታው አመለከቱ። በኮረብታው አናት ላይ የስልክ ታወር ቆሟል።

«ልጄ፣ ያ የቆመበት ቦታ የጋራ ግጦሽ ነበር፤» አሉ። «ሲተከል እኛን የጠየቀን ሰው የለም። አልጠላነውም። ሴት ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ የምንጠራው በእርሱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ የተማርህ ነህና ታውቀው ይሆናል። በሌላው ዓለም ያለ ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር በመሬቱ ላይ ሲመጣ ይጠየቃል ወይስ እንደኛ ጠዋት ተነሥቶ ያየዋል?»

በወቅቱ የተሰጣቸው መልስ የረባ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። ጥያቄው በግልጽ ተነሥቶ በሕግ መልስ ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ግዛት ሲሆን፣ በዚያ የተነሣውም ስለ ንግድ ስልክ ሳይሆን ስለ ፖሊስ፣ ስለ እሳት አደጋና ስለ አምቡላንስ ሬድዮ ነው። የሚሺጋን ገበሬ ይጠየቃል ወይ? አዎን፣ ምክር ቤቱ ይጠየቃል። ለመመለስ ግን 30 ቀን ብቻ ይሰጠዋል። ነገሩ እንዴት እዚህ ላይ እንደ ደረሰ ቀጥለን እንመለከታለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታውንሺፕ ምንድን ነው?

ሚሺጋን በታላላቅ ሐይቆች የተከበበ፣ የየብስ ስፋቱ ወደ 147,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት ግዛት ነው። ምድሩ በውሃ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው በ1957 ለአገልግሎት የተከፈተው፣ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚያህለው የማኪናክ ድልድይ ነው። ሰሜናዊው ክፍል ከግዛቱ የየብስ ስፋት ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ቢይዝም የሚኖርበት ሕዝብ ከመቶው ሦስት ያህል ብቻ ነው። ደን ነው፤ ክረምቱም በረዶ ነው። ደቡቡ ግን የእርሻ አገር ሲሆን በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ቦሎቄ፣ ድንች፣ ወተትና ፍራፍሬ ያመርታል።

በዚህ ግዛት የገጠሩ ሕዝብ ራሱን የሚያስተዳድርበት ዝቅተኛው እርከን ታውንሺፕ ይባላል። ቅርጹ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1785 በወጣው የመሬት ልኬታ ድንጋጌ ሲሆን አንዱ ታውንሺፕ በመደበኛው ልክ እያንዳንዱ ጎኑ ስድስት ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ወደ እኛ መለኪያ ስናመጣው 93 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም 9,300 ሄክታር ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ አንድ የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ ነው መባሉ ይታወሳል። እንግዲህ አንዱ ታውንሺፕ በዚያ ዝቅተኛ ልክ ከ11 የሚበልጡ ማኅበራትን ያህላል ማለት ነው። በሚሺጋን 1,240 ታውንሺፖች አሉ። እያንዳንዱ በሕዝብ የተመረጠ ቦርድ አለው። ከቦርዱ አባላት ብዙዎቹ ቀን በእርሻቸው ወይም በሌላ ሥራቸው ላይ ውለው ማታ የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው።

ታውንሺፖቹ ከያዟቸው ሥልጣኖች ውስጥ ለጉዳያችን ዋናው የመሬት አጠቃቀም ደንብ የማውጣት ሥልጣን ነው። ይኸውም በ1943 በወጣ የግዛቱ ሕግ የተሰጠ ሲሆን በ2006 ደግሞ የከተማውንም የገጠሩንም በአንድ ያጠቃለለ አዲስ ሕግ ተተክቶለታል። በዚህ መሠረት ቦርዱ ይህ ክልል ለእርሻ ነው፣ ያኛው ለመኖሪያ ነው፣ በሐይቁ ዳር ከዚህ በላይ የሚረዝም ነገር አይሠራም እያለ ይደነግጋል። ባለመሬቱ መሬቱ የግል ንብረቱ ቢሆንም ደንቡን ማለፍ አይችልም።

ሬድዮው ለምን አስፈለገ?

የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ በ1928 ለመኪናዎቹ በሬድዮ መልእክት ማስተላለፍ ሲጀምር በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነበር። ያን ጊዜ መኪናው መስማት እንጂ መመለስ አይችልም፤ ፖሊሱ ወርዶ ስልክ ፍለጋ ይሄድ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1929 የግዛቱ ምክር ቤት የግዛቱ ፖሊስ የራሱ የሬድዮ ጣቢያ እንዲኖረው የሚፈቅድ ሕግ፣ ማለትም ሕግ ቁጥር 152ን አወጣ። ይህን ቁጥር አንባቢው ልብ ይበለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት የተከማቸው ችግር የብዛት ችግር ነው። ፖሊሱ የራሱን ሬድዮ ያዘ፤ የደን ጥበቃው የራሱን፣ የመንገድ ሥራው የራሱን፣ እያንዳንዱ ካውንቲም (እንደ እኛ ወረዳ መሆኑ ነው) የራሱን ያዘ። አንዱ የሚናገርበትን ሞገድ ሌላው አይሰማውም። በአንድ የደን ቃጠሎ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሠራተኞች በሬድዮ መነጋገር አቅቷቸው በአፍ መጠራራት ግድ ይሆንባቸው ነበር። በዚያ ላይ የቀድሞው ሬድዮ በዝቅተኛ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ አየሩ ሲለዋወጥ ከሩቅ ግዛት የሚመጣ ድምፅ እየገባ ያውከው ነበር።

እንዲህ ያለው መደናቆር ምን እንደሚያስከትል ዓለም ሁሉ ያየው በመስከረም 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ ነው። የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ሕንፃው ሊወድቅ መሆኑን ከላይ አይተው በፖሊስ ሬድዮ ሲያስጠነቅቁ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሬድዮ ግን ሌላ ነበር። ከሕንፃው ውስጥ የነበሩት ብዙዎቹ የውጡ ትእዛዝ አልደረሳቸውም። በዚያ ቀን 343 የኒው ዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

ሚሺጋን ግን ሥራውን የጀመረው ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ነው። ሞቶሮላ ከተባለው ኩባንያ ጋር ውል ተዋውሎ መላውን ግዛት የሚሸፍን፣ በ800 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ አንድ የጋራ ዲጂታል ሬድዮ መትከል ጀመረ። ሥራው በየምዕራፉ እየተከፈለ ሄዶ በ2002 ተጠናቀቀ። አሠራሩን በወፍጮ ቤት ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ቀድሞ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ወፍጮ ነበረው፤ የአንዱ ወፍጮ ሥራ ፈትቶ ሲቆም በሌላው ደጅ ሰልፍ ይሠራ ነበር። በአዲሱ አሠራር ወፍጮዎቹ ሁሉ በአንድ ቤት ተሰብስበው ሰልፉም አንድ ሆነ። ተረኛው ባዶ ወደ ሆነው ወፍጮ ይሄዳል። ተረኛውን የሚመድበው ኮምፒዩተር ሲሆን ምደባው ከአንድ ሰኮንድ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል።

ለገጠሩ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሚሺጋን ገጠር እሳት የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ሳይሆን የጎረቤት ገበሬ፣ መምህር ወይም ባለ ጋራዥ ነው። ትራክተር ተገልብጦ ሰው ሲጫነው፣ በእህል ጎተራ ውስጥ ሠራተኛ ሲሰጥም የሚደርሰው እርሱ ነው። የያዘው የእጅ ሬድዮ ከሸለቆው ውስጥ ካልተሰማ ተጨማሪ እርዳታ መጥራት አይችልም።

ቁመት ማለት መሬት ማለት ነው

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። ጠቡ ሁሉ የመነጨው ከቁመት ነውና።

በ800 ሜጋኸርትዝ የሚሄድ የሬድዮ ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ነው። ተራራ አይሻገርም፤ የምድርን ጎባጣነት ተከትሎም ብዙ አይሄድም። ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ የሚወጣው አርቆ ለማየት እንደ ሆነ ሁሉ የሬድዮው አንቴናም ከፍ ባለ መጠን አርቆ «ያያል»። ይህን በቁጥር ማስላት ይቻላል። 145 ሜትር ቁመት ካለው ማማ ላይ የሚነሣ ሞገድ በሜዳ ላይ የምድር ጎባጣነት እስኪጋርደው ድረስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ማማው 60 ሜትር ቢሆን ደግሞ ወደ 32 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ 18 ኪሎ ሜትር ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሚሸፈነው መሬት ክብ ስለሆነ ስፋቱ ሲሰላ ረጅሙ ከአጭሩ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። በአጭሩ፣ ቁመቱን በግማሽ የቀነሰ የሚሸፈነውንም መሬት በግማሽ ይቀንሳል።

ይህ በሜዳ ላይ ነው። ዛፍ፣ ኮረብታና የቤት ግድግዳ ሲጨመርበት ርቀቱ በጣም ያጥራል። ሚሺጋን መጀመሪያ የተከላቸው ወደ 180 የሚጠጉ ማማዎች ናቸው። የግዛቱን የየብስ ስፋት ለዚያ ብናካፍለው ለአንዱ ማማ የሚደርሰው ወደ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ይኸውም ከማማው ዙሪያ በየአቅጣጫው 16 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። የታቀደውም በመኪና ላይ ያለ ሬድዮ በግዛቱ 97 ከመቶ ያህል ቦታ እንዲሠራ ነበር።

እንግዲህ አንዱ ታውንሺፕ «በክልሌ ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም ነገር አይቆምም» ብሎ ደንብ አውጥቷል እንበል። ለእርሱ ደንቡ ቀላል ነው። ለግዛቱ ግን በአንዱ ማማ ፈንታ ሁለትና ሦስት ማማ፣ ሁለትና ሦስት ቦታ፣ ሁለትና ሦስት መንገድና ጄኔሬተር ይሆናል። የሚጨመሩት ማማዎችም የሚያርፉት በጎረቤት ታውንሺፖች መሬት ላይ ነው፤ እነርሱም የራሳቸው ደንብ አላቸው።

ሌላው በብዙ ቦታ የተለመደው ደንብ ማማው ቢወድቅ በሰው መሬት ላይ እንዳይወድቅ ከወሰን የሚርቀው በቁመቱ ልክ እንዲሆን የሚያዝዘው ነው። ፍትሐዊ ደንብ ነው፤ ማንም ብረት በጎጆው ላይ እንዲወድቅበት አይፈልግም። ይሁን እንጂ 145 ሜትር ለሚረዝም ማማ በአራቱም አቅጣጫ 145 ሜትር ሲለካ ከስምንት ሄክታር በላይ መሬት ይጠይቃል። በወጣሪ ሽቦ የሚታሰር ማማ ደግሞ ሽቦዎቹ ከእግሩ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቀው ስለሚቸነከሩ በመካከላቸው የሚያርስ ትራክተር እየዞረ ማረስ ይኖርበታል። ያለ ሽቦ በራሱ የሚቆመው ዓይነት ቦታው ጠባብ ቢሆንም ብረቱ ብዙ፣ ዋጋውም ውድ ነው።

ከዚህም ሌላ ተራ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። ማማዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በማይክሮዌቭ ነው። ይህ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከአንዱ ሰሐን ወደ ሌላው ሰሐን የሚሄድ ጨረር ስለሆነ በመካከል ኮረብታ ከገባበት ይቆረጣል። ስለዚህ አንዱን ማማ «ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት» ማለት በግራና በቀኝ ያሉትን የሁለቱን ማማዎች መስመርም መነካካት ነው። የመንደሩ ሰው «ሦስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ምን ይጎዳል?» ሲል መሐንዲሱ የሚያንገራግረው ሁልጊዜ በትዕቢት አይደለም።

ሕጉ የተነሣበት መንገድ

የግዛቱ መንግሥት ለታውንሺፕ ደንብ ይገዛል ወይስ አይገዛም? ብዙ ሰው መንግሥት ከሆነ በላይ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እንደዚያ አላለም።

በ1978 በተፈረደ አንድ ጉዳይ የግዛቱ ማረሚያ ቤቶች መምሪያ በዲትሮይት ከተማ የቤተ ክርስቲያን የነበረ አንድ ሕንፃ ተከራይቶ ለመፈታት የተቃረቡ እስረኞችን ሊያኖርበት ሲነሣ የከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ተጠቅሶ ክርክር ተነሣ። ፍርድ ቤቱ መመርመር ያለበት ሕግ አውጪው ምን አስቦ እንደ ነበር ነው አለ። ምክር ቤቱ መምሪያው ከአካባቢ ደንብ ነፃ እንዲሆን መፈለጉ ከሕጉ ከተገኘ ነፃ ነው፤ ካልተገኘ አይደለም። በዚያ ጉዳይ መምሪያው ረታ።

በ1999 በተፈረደ ሌላ ጉዳይ ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያው በቡርት ሐይቅ ዳር ሕዝብ ጀልባ የሚያወርድበት ቦታ ሊሠራ ሲል የቡርት ታውንሺፕ ደንቤን አክብር ብሎ ከሰሰው። በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤቱ በመምሪያው ሕግ ውስጥ ከአካባቢ ደንብ ነፃ ያደረገው ግልጽ ሐሳብ አላገኘሁም ብሎ ለታውንሺፑ ፈረደ። ጥቂት ሺህ ሕዝብ የማይሞላው የገጠር አስተዳደር ከግዛቱ ዋና መምሪያዎች አንዱን በፍርድ ቤት ረታ ማለት ነው። ለማኅበር መሪ ይህን ፍርድ ማወቅ ደስ ያሰኛል።

የሬድዮው አዘጋጆች ግን ይህን አደጋ ቀድመው አስበውበት ነበር። 1,240 ታውንሺፖች፣ በዚያ ላይ ከተሞቹና ካውንቲዎቹ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስብሰባ፣ የየራሳቸውን ክርክርና ይግባኝ ይዘው ቢቀርቡ መረቡ በሃያ ዓመትም አያልቅም። መረብ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ካለው ዓሣው የሚወጣው በዚያው ነው። ስለዚህም በ1996 የግዛቱ ምክር ቤት ያንን የ1929ኙን ሕግ ቁጥር 152 አሻሻለ። ማሻሻያው የአደጋ ጊዜ ሬድዮውን ማማዎች ከአካባቢ የመሬት አጠቃቀም ሕጎች በግልጽ ነፃ አወጣቸው።

ነፃ ቢያወጣቸውም አካባቢውን ጨርሶ ዝም በል አላለውም። ግዛቱ ማማ ከመትከሉ በፊት የሚያስፈልገውን ቦታ ዝርዝር ሁኔታ ገልጾ ለሚመለከተው የአካባቢ አስተዳደር ማስታወቅ አለበት። አስተዳደሩ ማስታወቂያው ከተጻፈለት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው። በእነዚህ ቀናት ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ፈቃዱን ይሰጣል፣ ወይ ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ ቦታ ያቀርባል። ያቀረበው ቦታ የሬድዮውን መስፈርት ካሟላ ማማው ወደዚያ ይሄዳል። 30 ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ፣ ወይም የቀረበው ቦታ መስፈርቱን ካላሟላ ግን ግዛቱ ሥራውን ይቀጥላል። አሟላ አላሟላም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ራሱ ግዛቱ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሕጉ ጥሩ ጎን «አልፈልግም» የሚለውን መልስ ማስቀረቱ ነው። ታውንሺፑ እምቢ ብቻ ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ «እዚህ አይሁን፣ እዚያ ይሁን» ማለት አለበት። ደካማ ጎኑ ጊዜው ነው። የገጠር ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ ነው። ደብዳቤው ከስብሰባው ማግስት ቢደርስ የሚቀጥለው ስብሰባ 30ኛው ቀን ገደማ ላይ ይውላል። ያን ጊዜ ሕዝቡን ጠርቶ መስማት፣ ሌላ ኮረብታ መፈለግ፣ የኮረብታውን ባለቤት ማነጋገር፣ ከፍታውን ማስለካት፣ መንገድና መብራት መኖሩን ማረጋገጥ ሁሉ ተጠናቆ መገኘት አለበት። አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ቦርድ ይህን በ30 ቀን ውስጥ አይጨርስም። ሕግ አውጪዎቹ 30 ቀን ሲሉ የአደጋውን ጉዳይ እንጂ የቦርዱን የስብሰባ ልማድ አላሰቡም። 60 ቀን ቢሆን ኖሮ መረቡ በዚያ ምክንያት ይፈርስ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በተጨማሪም አንድ ነገር እንዳይምታታ። ሕጉ ማማውን ከደንብ ነፃ አወጣው እንጂ መሬቱን በነፃ አልሰጠም። በዚያ አገር መሬት የግል ስለሆነ ግዛቱ ይገዛል ወይም ይከራያል፤ በግድ ከወሰደም በሕገ መንግሥቱ መሠረት ካሣ ይከፍላል። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ባለይዞታው ለሕዝብ ጥቅም ሲለቅ ካሣ የሚያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ነው። ነገሩ ይለያያል፤ ካሣ የሚለው ጥያቄና ቦታው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን በሁለቱም አገር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የንግድ ስልክ ታወርም በዚህ ሕግ አይሸፈንም። እርሱን የሚመለከተው በዚያው በ1996 የወጣው የፌዴራሉ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ይህ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮችን ሥልጣን በአመዛኙ ጠብቆላቸዋል፤ የሚከለክሉ ከሆነ ግን ምክንያታቸውን በጽሑፍና በማስረጃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ታወሩ የፌዴራሉን የጨረር መለኪያ እስካከበረ ድረስም «ጨረሩ ጤና ይጎዳል» ብለው መከልከል አይችሉም። በመሆኑም በአንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማማዎች በሁለት የተለያየ ሥርዓት የተተከሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ገበሬው ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም።

ያልታሰበው የወፎች ጉዳይ

ማማዎቹ ቆመው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከየትኛውም ታውንሺፕ ደንብ ውስጥ ያልነበረ ችግር ጎልቶ ወጣ። በአሜሪካ ከ61 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ ለአውሮፕላን ምልክት የሚሆን መብራት እንዲኖረው ይጠየቃል። ከሐይቅ ሐይቅ የሚሻገሩ ተጓዥ ወፎች በጭጋጋማ ሌሊት ቀዩን መብራት ሲያዩ ይሳቡና በዙሪያው ሲሽከረከሩ ከወጣሪ ሽቦው ጋር እየተጋጩ ይሞታሉ።

ተመራማሪዎች ከ2003 እስከ 2005 በእነዚሁ በሚሺጋን የአደጋ ጊዜ ሬድዮ ማማዎች ሥር ማለዳ ማለዳ እየዞሩ የሞቱ ወፎችን ቆጠሩ። ሽቦ ያለው ማማ ሽቦ ከሌለው ብዙ እጥፍ እንደሚገድል ተረጋገጠ። ከዚያም ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሳይጠፋ የሚበራው ቀይ መብራት ተነሥቶ ብልጭ ድርግም የሚለው ብቻ ሲቀር የሚሞተው ወፍ ከ50 እስከ 71 ከመቶ ቀነሰ። ወጪው አምፖል መቀየር ነው፤ የመብራት ሒሳብንም ይቀንሳል። ጥናቱ በ2009 ታተመ። የፌዴራሉ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤትም በ2015 መጨረሻ ላይ የማማ መብራት መመሪያውን በዚህ አቅጣጫ አሻሻለ። ለአንድ ግዛት ፖሊስ የተተከለ ማማ የመላውን አገር የመብራት ደንብ አስለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታውንሺፕ ቦርድ 30 ቀን ሳይሆን አንድ ዓመት ቢሰጠው ኖሮ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር ማለት ግን አይደለም።

መረቡ ባይኖርስ?

በተቃራኒው መንገድ የሄደም አካባቢ አለ። በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜን የሚገኘው የአዲሮንዳክ ፓርክ ስድስት ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 2.4 ሚሊዮን ሄክታር የሚሰፋ ደንና ተራራ ሲሆን በውስጡ የግል መሬትና መንደሮች አሉበት። እዚያ ማማ የሚተክል ሁሉ ማማው ከሩቅ እንዳይታይ የሚያዝዝ ጥብቅ መመሪያ አለ። ተራራው ውብ ነው፤ ውበቱን ፈልጎ የሚመጣው እንግዳም የሕዝቡ እንጀራ ነው። ስለዚህ መመሪያው ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም።

በጥር 2007 ግን በዚያ በሚያልፈው ዋና አውራ ጎዳና ላይ የአንድ ባልና ሚስት መኪና ከመንገድ ወጥቶ ደን ውስጥ ገባ። ስልክ ነበራቸው። ስልኩ ግን በዚያ ቦታ አይሠራም ነበር። ሰው ሳያያቸው ከአንድ ቀን በላይ በብርዱ ውስጥ ቆዩ። ሚስትየው ተረፈች፤ ባልየው በብርዱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ዳርም ታወሮች መተከል ጀመሩ። ይኸው ግዛት ለአደጋ ሠራተኞቹ ያሰበው ትልቅ የሬድዮ መረብም አልተሳካለትም። መጀመሪያ በተሞከረባቸው ሁለት ካውንቲዎች ፈተናውን ባለማለፉ ውሉ በጥር 2009 ተሰርዟል። ለዚያ ውድቀት ግን ተጠያቂው የመሬት ደንብ ሳይሆን የመሣሪያው አለመሥራት መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። ለጠፋ ነገር ሁሉ የገጠሩን ምክር ቤት መውቀስ ቀላል ነውና።

የሚሺጋንም መረብ እንከን አልባ አይደለም። የታቀደው በዋናነት ለመኪና ሬድዮ ስለነበር የእጅ ሬድዮ ይዞ ትልቅ ሕንፃ ወይም ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የገባ ሠራተኛ የማይሰማባቸው ቦታዎች ነበሩ። አንዱ ሬድዮ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ በመሆኑም ብዙ ትንንሽ የእሳት አደጋ ጓዶች ለመግባት ዘግይተዋል። ቀስ በቀስ ግን ካውንቲዎቹ ከራሳቸው ሕዝብ ግብር አሰባስበው ተጨማሪ ማማ እየተከሉ ከግዛቱ መረብ ጋር አያያዙት። የሚያስገርመው በመጀመሪያው ጊዜ «ማማ አይተከልብን» የሚል ድምፅ ይሰማበት በነበረው ገጠር፣ ከዓመታት በኋላ «የእኛ ሸለቆ አልተሸፈነም፣ ማማ ይተከልልን» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከመጠናቀቁ በፊት ጸሐፊው ወደ እኚያ ሊቀመንበር ስልክ ደውሎ ነገሩን ባጭሩ አጫወታቸው። ስልኩ የሠራው በዚያው በኮረብታው ታወር ነው። እርሳቸውም ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣

«30 ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው አልህ?» ብለው ጠየቁ።

«ማስታወቂያው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው፣ አባቴ።»

«እኛ ዘንድ እኮ ደብዳቤ ከወረዳ ወጥቶ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤» አሉ። «ደርሶም ጸሐፊው ገበያ ከሄደ በኪሱ ይውላል። በል፣ አሁን ከብቶቹ ማሳ ሊገቡብኝ ነው፤ በኋላ ደውልልኝ።»